አንድ ሲባጎ፣ ሦስት ዶቃ፦ በጎንደር ስድስት ወር የተከታተልኩት የዓይን ልምምድ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ አራዳ ገበያ አጠገብ ነው። አንዲት የእግር መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በየሚስማሩ የተሰካ የክር ጥቅል አለኝ። ጎረቤቶቼ ሰፊዎች ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። እኔ ጨፍኜ አላውቅም። ግራ ዓይኔ ተገልጦ እያለ እንኳ የሚያየውን አእምሮዬ አይቀበለውም ነበር። ይህን ያወቅሁት በ37 ዓመቴ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ከኅዳር ጀምሮ ስለምከታተለው አገልግሎት ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ የሚሰጥ፣ ሁለቱን ዓይን አብሮ ማሠራት የሚያለማምድ ሕክምና ነው። ቪዥን ቴራፒ ይሉታል። ምስጋናም ቅሬታም ስላለኝ የክሊኒኩን ስም አላነሳም። ስድስት ወር ተመላልሼበታለሁ፣ ከኪሴም ከፍዬበታለሁ። የሰጠኝንም ያልሰጠኝንም ልንገራችሁ።

የተወለድኩት ከዳባት ወረድ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ሕፃን ሳለሁ ግራ ዓይኔ ወደ አፍንጫዬ ይገባ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ጠበል ወሰደችኝ። ጎረቤቱ "ስታድግ ይተዋታል" አለ። አልተወኝም። በ9 ዓመቴ አጎቴ ወደ ከተማ ወሰደኝና ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ዓይኔ ቀጥ አለ። እናቴ እልል አለች። ትምህርት ቤትም "ሸውራራዋ" ብሎ የሚጠራኝ ቀረ። ይህ ለአንዲት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ያኔ ማንም አልነገረንም። ዓይን ቀጥ ስላለ ብቻ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ ማለት አይደለም።

እናም አደግሁ። ቡና ስቀዳ የጀበናውን አፍ ሲኒው ጠርዝ ላይ ነካ አድርጌ ነው የምጀምረው። ሳልነካ ከቀዳሁ ረከቦቱ ላይ ይፈሳል። ደንበኛ መልስ ሲቀበለኝም ሆነ ሲሰጠኝ መዳፌን ዘርግቼ እጠብቃለሁ፤ እሱ ይምጣ እንጂ እኔ አልሄድበትም። ቁልፍ ወርውረው "ያዢ!" ሲሉኝ ደረቴን መትቶ ይወድቃል። ደረጃ ስወጣ ግድ የለኝም። ስወርድ ግን ሁሉም አንድ ቀለም ያለው ግራጫ ነገር ይሆንብኛል፤ እግሬን እየላክሁ እፈልገዋለሁ። ፋሲል ግቢ ከዘመድ ጋር በሄድኩ ቁጥር እነሱ ከግንቡ ደረጃ እያወሩ ሲወርዱ እኔ የግድግዳውን ድንጋይ ይዤ ኋላ እቀራለሁ። "ከፍታ ትፈራለች" ይሉኝ ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

ሰው "ታዲያ ሁሉ ነገር ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚታይሽ?" ይለኛል። ሌላ ዓይነት አይቼ ስለማላውቅ መልሱ ይከብደኝ ነበር። ርቀት ጨርሶ አይገባኝም ማለት አይደለም። አንዱ ዕቃ ሌላውን ከጋረደ የጋረደው ቅርብ ነው። ጥላ አለ። ራቅ ያለ ሰው ያንሳል። ከሁሉም የሚረዳኝ መንቀሳቀስ ነው። ከደባርቅ በአውቶቡስ ስትመጡ ልብ ብላችሁ ከሆነ መንገድ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ሽው እያለ ያልፋል፣ ተራራው ግን አብሯችሁ ይጓዛል። አንድ ዓይን ብቻውን ከዚህ ርቀትን ያነባል። እኔም ሳላውቀው ቆሜ እንኳ ጭንቅላቴን ወዲህ ወዲያ አደርግ ነበር፤ ነገሩን ለመለካት።

የሚጎድለኝ ሌላው ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ስለዚህ አንዱ የሚያየው ሥዕል ከሌላው ትንሽ ይለያል። አእምሮ ሁለቱን ያጋጥማል፣ ከልዩነቱም ጥልቀትን ያወጣል። ይህን እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ነው ያስረዳው። ለሁለቱ ዓይን ለየብቻ ሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ፣ ጠፍጣፋ ሥዕሎች ተጋጥመው ጥልቀት ሲያወጡ አሳየ። የእኔ አእምሮ ግን ከሕፃንነቱ የሁለት ዓይን ወሬ አልገጥም ሲለው አንዱን መስማት ተወ።

ወደ ክሊኒኩ የወሰደኝ ስፒል ነው። ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት ቀሚስ ሊለኩ መጡ። ትከሻቸው ላይ ስፒል ስሰካ ወጋኋቸው። "ምንም አይደል ልጄ" አሉኝ። በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ወጋሁ። በጣም አዘንኩ፤ በእጄ ሥራ የሚያማኝ ሰው ስለሌለ። በማግስቱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ምርመራ የምትማር አንዲት ልጅ ነጭ ጋዋኗን ላሳጥርላት አመጣች። ኦፕቶሜትሪ ይሉታል ትምህርቱን። ስለካት ዝም ብላ ታየኛለች። "እታለም፣ መርፌውን ሁልጊዜ በጣትሽ ነው የምትፈልጊው? ዓይንሽን ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። የክሊኒኩን አድራሻ የጠቆመችኝ እሷ ናት። የጋዋኑን ሒሳብ አልተቀበልኳትም።

ምርመራው አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። በዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ከዚህ በፊት የዓይን ምርመራ ማለት ለእኔ ፊደል ማንበብና መነጽር መግዛት ነበር። ባለሙያዋ ከእኔ የምታንስ ወጣት ናት፣ ሥራዋን ግን አትቸኩልበትም። ፊደሉን አስነበበችኝ። ቀኙ ደህና ነው፤ ግራው ከሰንጠረዡ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ብቻ ነው የተቸገረው። ከዚያ አንዱን ዓይኔን እየጋረደች እየገለጠች ሌላው ሲንቀሳቀስ ተመለከተች። ቀዶ ጥገናው ቀጥ ቢያደርገውም ትንሽ ቅሪት መንሸዋረር አለ አለችኝ። በመስታወት አይቼ አላውቀውም።

ቀጥላ ቀኜ ቀይ፣ ግራዬ አረንጓዴ የሆነ መነጽር አደረገችልኝና በትንሽ ባትሪ አራት መብራት አሳየችኝ። አንዱ ቀይ፣ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ ነው። ሁለት ዓይኑ የሚሠራ ሰው አራት ይቆጥራል።

"ስንት ይታይሻል?"

"ሁለት። ሁለቱም ቀይ።"

አረንጓዴዎቹ የሚታዩት በግራ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ ግራዬ ተገልጦ እያየ አእምሮዬ ዘግቶታል ማለት ነው። መነጽሩን አወለቅሁና አራቱንም በባዶ ዓይኔ አየኋቸው። እንደገና አደረግሁት፣ ሁለት ሆኑ። ይህን ሳይ እንባዬ መጣ። 37 ዓመት ሙሉ አብሮኝ ያለ ነገር ነው፤ ምልክቱን ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

መጨረሻ ላይ የትልቅ ዝንብ ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ዘረጋችልኝ። ልዩ መነጽር አድርጌ ክንፉን በሁለት ጣቴ እንድቆነጥጥ ነገረችኝ። ወረቀቱን ቆነጠጥሁ። ጥልቀት የሚያይ ሰው ጣቶቹን ከወረቀቱ በላይ፣ አየር ላይ ነው የሚገጥማቸው። ሕፃናት ደንግጠው እጃቸውን የሚሰበስቡም አሉ። ለእኔ የፎቶ ዝንብ ነበር።

ከዚያ ቁጭ ብላ አወራችኝ። ለዚህ አገልግሎት ትልቁ ምስጋናዬ ለዚያ ግማሽ ሰዓት ነው። "ዋስትና አልሰጥሽም" ብላ ጀመረች። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ይህ ነገር በልጅነት ካልተስተካከለ በኋላ አይሆንም ይሉ ነበር። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ቪዝል የሚባሉ ተመራማሪዎች የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጊዜው ዘግተው፣ ሲከፈት አእምሯቸው ያንን ዓይን እንደማይሰማው አሳዩ። ከሥራዎቻቸው መካከል ይህም አለበትና እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ሱዛን ባሪ የምትባል አሜሪካዊት አለች። ራሷ የአእምሮ ሳይንስ ተመራማሪ ናት። ከሕፃንነቷ ዓይኗ የተንሸዋረረ፣ በልጅነቷ ሦስት ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገላት ሴት ናት። በ48 ዓመቷ ልምምድ ጀምራ ጥልቀት ማየት ቻለች። መጀመሪያ ያየችው የመኪናዋ መሪ ከፊቱ ካለው ሰሌዳ ተነጥሎ ወደ እሷ ሲወጣ ነው።

ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ባለሙያዋ ወዲያው ያዝ አደረገችኝ። "እሷ ሁለቱም ዓይኗ ለየብቻው ጥሩ ያይ ነበር። ብዙ ሰው እንደሷ አይሆንም። አንዳንዱ ትንሽ ያገኛል፣ አንዳንዱ ምንም አያገኝም" አለችኝ። አደጋውንም አልደበቀችም። የተዘጋውን ዓይን ቀስቅሰነው ሁለቱ ሥዕሎች ሳይጋጠሙ ከቀሩ ሁሉ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ያ ደግሞ አንዴ ከመጣ መመለሻው ሊቸግር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ፕሪዝም በሚባል መስታወት ሞከረችኝ። ፕሪዝሙ ሥዕሉን ገፋ አድርጎ የዓይኔን ቅሪት መንሸዋረር ያካክሳል። በእሱ ውስጥ አራቱን መብራት ለአፍታ፣ እንደ ብልጭታ አየኋቸው። "ይሄ ባይኖር አላስጀምርሽም ነበር" አለችኝ።

ይህን ምርመራ ሳያደርግ ልምምድ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግቡበት። ስልክ ላይ "በ30 ቀን ዓይንዎን ያድሱ" የሚሉትንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ልምምዱ። በሳምንት አንድ ቀን 45 ደቂቃ ክሊኒክ፣ በቀረው በየቀኑ 20 ደቂቃ ቤት። ዋናው መሣሪያ ሲባጎ ነው። ብሮክ በሚባል የዓይን ባለሙያ ስም ይጠሩታል። አንድ ጫፉ በር እጀታ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ አፍንጫ ላይ ይያዛል፣ መሐል ሦስት ባለቀለም ዶቃ ይደረደራል። የመሐለኛውን ዶቃ ሲያዩ ሁለት ዓይኑ የሚሠራ ሰው ሁለት ሲባጎ ያያል፤ ዶቃው ላይ ተሻግረው እንደ መስቀል ይሆናሉ። የሚያየው ዶቃ አንድ ነው፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት። እኔ የማየው አንድ ሲባጎ ብቻ ነበር። አንድ ሲባጎ ማለት አንድ ዓይን ማለት ነው፤ መዋሸት አይቻልም። ዓይን ሲዘጋ ሲያንቀላፋ መሣሪያው ራሱ ይናገራል። የቤቱን እኔው ሠራሁት። ሲባጎው ከሱቄ፣ ዶቃው ከቅዳሜ ገበያ።

ኅዳር በዚህ አለፈ። ታኅሣሥም ተጋመሰ። አንድ ሲባጎ፣ ራስ ምታት፣ የሚያቃጥል ዓይን። እናቴ ከበሩ ጋር ታስሬ ስታየኝ ትጨነቃለች። "ልጄ፣ ባለሽበት ተመስገን በዪ" ትለኛለች። ከዚያ አንድ ማታ፣ ምንም ሳልጠብቅ፣ ከግራ በኩል የጭስ ያህል የሳሳ ሌላ ሲባጎ መጣ። ዓይኔን ሳርገበግብ ጠፋ። እንደገና መጣ። "እማዬ ሁለት ሆነ!" ብዬ ጮህኩ። እሷ ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራኝ ደስ አላት።

ቤት ብቻ ብለማመድስ አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የእኔን ችግር የሚመለከት አይደለም። ዓይናቸው በቅርብ ለማንበብ ወደ ውስጥ መሰብሰብ የሚቸግራቸው 221 ልጆች ላይ የተሠራ ነው። በ12 ሳምንት ውስጥ በባለሙያ ክትትል ክሊኒክም ቤትም ከተለማመዱት 73 በመቶው ተሽሏቸዋል። እስክሪብቶ ወደ አፍንጫ እያመጡ ቤት ብቻ ከተለማመዱት ግን 43 በመቶው። ለእኔ ዓይነቱ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ቁጥር ባለሙያዋ አልሰጠችኝም። ክትትሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ጥር ላይ በራሴ ደረሰብኝ።

ጥር ለልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም። ለጥምቀት ሁሉም አዲስ መልበስ ይፈልጋል። ከበዓሉ አምስት ቀን ቀድሞ ማታ ላይ አምፖሉ ሁለት ሆነብኝ። ከዚያ መርፌው ሁለት፣ ከዚያ ፊቴ የቆመችው ደንበኛ ሁለት። ያስጠነቀቀችኝ ነገር ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ ጠዋት ያለ ቀጠሮ ሄድኩ፣ ተቀበለችኝ። ለ10 ቀን ልምምዱን አስቆመችኝ። ከዚያ በግማሽ ጀመርን፤ የተዘጋውን ዓይን መቀስቀሱን ቀንሰን ሥዕሎቹን ማጋጠሙ ላይ አተኮርን። ሁለት መሆኑ በሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ። ለዚያ ጠዋት ሒሳብ አላስከፈለችኝም። ይህን ብቻዬን በስልክ አፕ ብጀምረው ኖሮ ምን አደርግ ነበር እላለሁ።

የካቲት አጋማሽ ላይ ሆነ። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ፣ መኪናዬን ጠርጌ፣ ቀይ ክር ለማንሳት ቀና አልኩ። ክሮቹ ከግድግዳው ወጥተው ነበር።

በሌላ ቃል ልለው አልችልም። ዓመታት ያየሁት ግድግዳ ነው። የክር ጥቅሎቹ በሚስማር ላይ እንደሆኑ፣ ሚስማሩ ከግድግዳው ወጣ ያለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የመታሁት እኔ ነኝ። ግን ማወቅና ማየት ተለያዩ። በጥቅሉና በግድግዳው መካከል ቦታ አለ። ባዶ ቦታ። ቀዩ ቀድሞ ወደ እኔ መጥቷል፣ ሰማያዊው ከኋላው ቀርቷል። ከጥቅሉ የተንጠለጠለችው የክር ጫፍ ብቻዋን አየር ላይ ቆማለች። እጄን ዘርግቼ ሳልፈልግ ነካኋት። በመጀመሪያው።

ምናልባት አሥር ደቂቃ ቆየ፣ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ቡና ላይ ተመለሰ፤ የጀበናው አፍ ወደ ፊቴ ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ሳይደክመኝ፣ ከክንዴ ርዝመት እምብዛም ባልራቀ ነገር ላይ እየመጣ ይቆያል።

ሚያዝያ ላይ ዝንቡን መልሳ አሳየችኝ። ክንፉ ከወረቀቱ ተነሣ፤ ጣቶቼ አየር ላይ ገጠሙ። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም። እንዳላሳሳት፣ ራሴንም እንዳላታልል፣ መጽሐፉን ገልብጣ ሰጠችኝ። ሲገለበጥ የሁለቱ ዓይን ሥዕል ስለሚለዋወጥ ክንፉ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ገባ። ቀጥሎ ባሉት የክብ ሥዕሎች ከዘጠኙ ሁለቱን ብቻ ለየሁ። በእነሱ መለኪያ 400 ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው። በዚሁ መጽሐፍ ጥሩ የሚያይ ሰው እስከ 40 ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው። ገና ሩቅ ነኝ። ስፒል ግን ከየካቲት ወዲህ ማንንም አልወጋሁበትም።

ያልተለወጠውን ደግሞ ልንገራችሁ። ሩቁ እንዳለ ነው። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ከተማዋን ስመለከት እንደ ድሮው ነው የምትታየኝ። የሚወረወር ነገር አልይዝም። ባጃጅ ሲመጣ አሁንም ቆሜ አሳልፈዋለሁ። ማታ ሲደክመኝ ግራው ይዘጋል። ደረጃ ስወርድ አሁንም ግድግዳ እይዛለሁ። ባለሙያዋ ለምን ብዬ ሳማርር "ስድስት ወር ነው፤ 37 ዓመት ነው" አለችኝ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ስታስቀምጥልኝ ዝም አልኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሕክምናው ጋር ባይገናኝም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቼ ጣሪያውን ሳይ ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኛል። ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት ቁልቁል ያያችኋል። ባለፈው ወር ሄጄ ስመለከት ምክንያቱ የገባኝ መሰለኝ። በሥዕል ላይ ያለውን ሁላችሁም እንደኔ ነው የምታዩት። እዚያ ቤት ውስጥ ከማንም አላንስም ነበር።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ግራጫ ሲሚንቶ፣ መደገፊያ የሌለው። ጥልቀት የማያይ ሰው የሚመላለስበት ቤት እንዲህ መሆኑ በጣም አስቆጥቶኛል። ለእንግዳ መቀበያዋ ነገርኩ፣ "እናያለን" አለች። ደግሜ ነገርኩ። በሦስተኛው ለባለቤቱ ለራሳቸው ነገርኩ። መጋቢት ላይ በየደረጃው ጠርዝ ቢጫ ቀለም ተቀባ። መደገፊያው እስካሁን የለም፤ ቢጫው ግን ሕይወት ነው። ቤታችሁ እንደኔ ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ደረጃችሁን ቀቡለት።

ሌላው ቀጠሮ ነው። የተሰጠኝ ቅዳሜ ነበር፤ ለነጋዴ ቅዳሜ ማለት የሳምንቱ እንጀራ ነው። ወደ ማክሰኞ ለማዛወር ሁለት ወር ፈጀ። መብራት ሲጠፋም የኮምፒውተሩ ልምምድ ይቀራል፣ ሒሳቡ ግን አይቀነስም። ይህ ትክክል አይመስለኝም። የቤት ልምምድ ወረቀቶቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ባለሙያዋ በቃል ታስረዳኛለች፣ እኔ በደብተሬ በአማርኛ እጽፋለሁ። እናቴን የመሰለ ሰው ግን እንዴት ያደርጋል? ደብተሬን ፎቶ አንሥተው ቢያባዙት ፈቃደኛ ነኝ ብያቸዋለሁ።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የመጀመሪያው ምርመራ 500 ብር፣ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ 350 ብር። እስካሁን 20 ጊዜ ሄጃለሁ፣ 7,000 ብር ነው። ቀይና አረንጓዴው መነጽር 250። ሲደመር 7,750 ብር፣ የባጃጁን ሳልቆጥር። ለእኔ ብዙ ነው፤ ዕቁብ ነው የከፈለልኝ። ግን ይህን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ልሂድ፣ በየሳምንቱም ልመላለስ ብል አይቻለኝም። ጎንደር ላይ መኖሩ ራሱ ለእኔ ግማሽ ሕክምና ነው።

ለማን ይሆናል? ሁለቱም ዓይኑ ለየብቻው ደህና ለሚያይ፣ በቅርብ በእጁ ለሚሠራ፣ ወራት ለመታገሥ ለቆረጠ። አንድ ዓይኑ ጨርሶ ለማያይ ሰው ግን ይህ ልምምድ ጥልቀት አይሰጠውም፤ ገንዘቡን አያውጣ። ቀዶ ጥገና ወይም መነጽር የሚያስፈልገውም መጀመሪያ እሱን ይጨርስ።

ለልጆች ከሆነ ደግሞ አትጠብቁ። ይህን የምለው ከራሴ ቤት ነው። የእኅቴ ልጅ 4 ዓመቱ ነው። ዓይኑ አልተንሸዋረረም፣ ምንም አይታይበትም። የእኔ ነገር ስላስፈራኝ ብቻ ወስጄ አስመረመርኩት። አንዱ ዓይኑ ደካማ ሆኖ ተገኘ። መነጽር ታዘዘለት። ከሁለት ወር በኋላም ጠንካራው ዓይኑ በቀን ሁለት ሰዓት እንዲሸፈን ተደረገ። እኅቴ "ሁለት ሰዓት ምን ያደርጋል? ቀኑን ሙሉ ይሸፈን" ብላ ነበር። ድካሙ መካከለኛ ለሆነ ልጅ ሁለት ሰዓቱ ከስድስት ሰዓት ያላነሰ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ታይቷል፤ ባለሙያዋ በትዕግሥት አስረዳቻት። ያንን ዕድሜ እኔ በጠበል ደጅና "ስታድግ ይተዋታል" በሚል ተስፋ አሳልፌዋለሁ። ማንንም አልወቅስም፣ የሚያውቅ አልነበረም። አሁን ግን የሚያውቅ አለ፣ ያውም በከተማችን።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይመጣል። እኔ ሲባጎዬን በሩ ላይ አስሬ ዶቃዬን ሳይ እሱ ዓይኑን ተሸፍኖ ወለሉ ላይ የወዳደቁ ቁልፎችን በየቀለሙ ይለያል።

"አክስቴ፣ ስንት ደቂቃ ቀረኝ?"

"አርባ።"

"አንቺስ?"

"አምስት።"

"አይ፣ አብረን እንጨርስ" ይለኛል። እኔም ሲባጎውን እንደገና አፍንጫዬ ላይ እይዛለሁ።